የጥያቄ ምልክት የሆኑት ስሞች

ክብርት ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ራሔል፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤ በዚህ ሙቀት ሥራችሁን ትታችሁ ልትሸኙኝ ስለተሰበሰባችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ሰርቨር ሳይበላሽ ሁላችሁም ስትፈልጉኝ የዛሬው የመጀመሪያው ነው።

ከመሄዴ በፊት ስለ እትዬ ብዙነሽ ልናገር። አዲስ የገባችሁ ታሪካቸውን አታውቁም።

ተፈናቃዮችን የምንመዘግብበት ፕሮግራም ወደ አዲስ ሰርቨር የተዛወረ ጊዜ፣ ያዛወሩት ባለሙያዎች በእንግሊዝኛ ሞክረው «ይሠራል» ብለው ሄዱ። ሰልፉ ረጅም ነበር። መዝጋቢው የተፈናቃዩን ስም በአማርኛ ይጽፋል፣ ገጹ «ተመዝግቧል» ይላል፣ ቀጣዩ ይጠራል። ማን ይጠርጥር?

እትዬ ብዙነሽ ከካራቆሬ በኩል ሲሸሹ ከልጃቸው ከሳምራዊት ተለያዩ። እዚሁ እኛ ጋ ተመዝግበው ሰነበቱና፣ ልጃቸውን እንድንፈልግላቸው መጡ። የምዝገባ ክፍሉ አብዱረሂም የሰሞኑን ስሞች ሲከፍት ዕድሜው አለ፣ ስልኩ አለ፤ በስም ቦታ የተደረደረው ግን የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው።

እርሳቸውም አዩት። «ይሄ ሁሉ ሰው ስም የለውም?» አሉኝ።

ወንበር ስቤ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ጥፋቱን ያንኑ ዕለት አገኘሁት። ፕሮግራሙ መረጃው ከሚቀመጥበት ዳታቤዝ ጋር የሚነጋገረው የላቲን ፊደል ብቻ በሚያውቅ ቅንብር ነበር። የእኛንም ፊደል ወደሚያውቀው ዩኒኮድ ቀይሬ ሰርቨሩን አስነሣሁና «ብዙነሽ» ብዬ ብጽፍ ጥርት ብሎ መጣ። ቢሮው አጨበጨበ። እኔ እጄ አልተነሣም። የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ስም ከኋላው የተደበቀ ፊደል የለውም። ጠፍቷል።

ስልክ ላላቸው እየደወልን ስማቸውን መለስን። ሳምራዊት ስልክ አልነበራትም። እናትየውን ይዘን፣ በዚሁ ፕሮግራም ወደሚመዘግበው የጀውሃ መጠለያ ሄድንና በየድንኳኑ ስሟን ጠራን። አንዲት ሴት፣ ሳምራዊት አጠገቧ ትተኛ እንደነበር ነገረችን። መዝጋቢዎቹ «እናትሽ የትም አልተመዘገቡም» ቢሏት፣ እኛ በደረስንበት ዋዜማ በጭነት መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ልትፈልጋቸው ሄዳለች። ሁለቱም በጥያቄ ምልክት ተመዝግበው አንድ ሰርቨር ላይ ነበሩ።

እትዬ ብዙነሽ መሬት ላይ ተቀመጡ። «እኔኮ እዚሁ ነበርኩ» አሉ።

ደብረ ብርሃንም ሄደን ጠየቅን። እስከ ዛሬ አላገኘናትም። እርሳቸው አሁንም በገበያ ቀን እየመጡ ይጠይቃሉ።

ብሌን፣ ሥራውን የማስረክበው ላንቺ ነው። ማንም መጥቶ «ይሠራል» ቢልሽ፣ የሰው ስም በአማርኛ ጽፈሽ፣ አስቀምጠሽ፣ መልሰሽ ሳታነቢ አትቀበይ። እትዬ ብዙነሽ ሲመጡም ከበር አትመልሺያቸው። አስቀምጫቸው፤ ውሃ ስጫቸው፤ ዓይናቸው እያየ ፈልጊ።

ያስቀየምኳችሁ ካላችሁ ይቅር በሉኝ። አገሩን ሰላም ያድርግላችሁ። ልጆቻችሁ ከዓይናችሁ አይራቁ። ከቤቱ የወጣ ሁሉ በስሙ የሚጠራው ሰው አይጣ። ደህና ሁኑ።