ያልዘጋሁት ስም

ጦር ኃይሎች አካባቢ ባለው ማተሚያ ቤታችን ውስጥ የዊንዶውሱም የማኩም ኮምፒውተሮች የሚጋሩትን የፋይል ሰርቨር ስቀይር፣ ማን የቱን ፎልደር መክፈት እንደሚችል አንድ በአንድ ወሰንኩ። ሁለቴ አጣራሁ። የለቀቁ ሠራተኞችን የመግቢያ ስምም ዘጋሁ። በማግስቱ አንጋፋዋ ጸሐፊያችን እትዬ አስካለ የወንበራቸውን ትራስ አቅፈው መጡ።

«ልጄ፣ ጡረታ ካወጣችሁኝ በአፋችሁ ንገሩኝ እንጂ በኮምፒውተር ታስነግሩኛላችሁ?»

ስክሪናቸው «ፈቃድ የለዎትም» ይላል። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት የሚገቡት ከእሳቸው በፊት በነበረችው ጸሐፊ ስም ኖሯል!

«የእኔ ስህተት ነው እትዬ» ብዬ ወዲያው በራሳቸው ስም ከፈትኩላቸው።

«ተወው ልጄ፤ እኔስ ጡረታ የምወጣበትን ቀን ስጠብቅ ነው የኖርኩት» አሉና ትራሳቸውን እንዳቀፉ ወጡ። ወደ ሥራም አልተመለሱም።

ደንቡ የለቀቀ ሰው ስም ይዘጋ ይላል። የእሳቸው ላይ ስደርስ ግን እጄ አልታዘዝ ይለኛል።