የመምህሩ ቴሌስኮፕና የታላቅ እህታቸው ዓይን

ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡት መምህር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ታላቅ እህታቸውን ደግፈው ወደ መነጽር ቤት ገቡ። እህትየው ልብስ ሰፊ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ልጆቻቸውን ያሳደጉት የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፉ ነው። አሁን ግን የስፌት መኪናቸውን አንሶላ አልብሰው፣ ጨርቅ ይዞ የመጣውን ሁሉ «ዓይኔ ደክሟል፤ ሌላ ሰው ፈልጉ» እያሉ መመለስ ከጀመሩ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። መምህሩ ይህን ከጎረቤት ሲሰሙ፣ «ወንድም እያላት! መነጽሩን የማሠራላት እኔ ነኝ» ብለው በኩራት ተነሡ።

ነጭ ጋውን የለበሰችው መነጽር ሠሪ ቀና ብላ ስታያቸው ፊቷ በራ።

«መምህር! አላወቁኝም? ሰባተኛ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር የምቀመጠዋ። ወንዙን በቀይ ቀለም ብስለው ክፍሉን ሁሉ ያሳቁብኝ እኔ ነኝ።»

መምህሩ ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ነገሩ የቀልድ ይመስል ነበር። ይሁንና ሃያ ዓመት ሙሉ ያልተረሳ ቀልድ ምን ዓይነት ቀልድ እንደሆነ መምህሩ በዚያች ሰዓት አላሰቡበትም።

መነጽር ሠሪዋ እህትየውን አስቀምጣ መረመረቻቸው። ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደላት እስከ መጨረሻው መስመር አነበቡ። የቆየውን የንባብ መነጽራቸውን አድርገው ክርና መርፌ ስትሰጣቸው ባንድ ጊዜ አሾለኩ።

«እማማ፣ ዓይንዎ ለዕድሜዎ የሚያስመሰግን ነው። የያዙት መነጽርም ይበቃዎታል። ደክሟል ያለዎት ማነው?»

እህትየው መርፌዋን በጣታቸው እያገላበጡ ወንድማቸውን በጎን አዩ።

«ንገሪያት እንጂ እትዬ፤ ምን ያሳፍራል?» አሉ መምህሩ።

«አንተ ነህ» አሉ እህትየው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያን ዕለት፣ ያን ቴሌስኮፕ የምትለውን ቱቦህን ግቢ ውስጥ ተክለህ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተህ። ሁሉም እያየ 'ጨረቃዋ እንዴት ታምራለች' ይላል። እኔ ግን ብዥ ያለ አመድማ ነገር እንጂ ምንም አላየሁም። 'አልታየኝም' ስልህ፣ 'እትዬ፣ እንግዲህ ዓይንሽ ሄዷል፤ የምትሰፊውን ልብስ የሚለብሱ ልጆች እግዜር ይጠብቃቸው!' አልክ። ሰው ሁሉ ሳቀ። በማግስቱ አንድ ኮሌታ ስቆርጥ ራሴን ተጠራጠርኩና አበላሸሁ። እውነቱን ነው፣ የተማረ ሰው ነው የነገረኝ አልኩና ተውኩት። የሰው ጨርቅ ከማበላሽ ብዬ።»

መምህሩን ላብ አጠመቃቸው። ያን ቃል መናገራቸውን እንኳ ዘንግተውት ነበር። ቀልደኛ ሰው የጣለውን ቃል ይረሳል፤ የወደቀበት ሰው ግን ተሸክሞት ይዞራል። ሆኖም ሰው ሲያፍር ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ክርክር ነውና፣ መምህሩም ወደ ተማሪያቸው ዞረው መከራከር ጀመሩ።

«የኔ ልጅ፣ ዕቃው እኮ የዋዛ አይደለም። ካርቶኑ ላይ አምስት መቶ ሃያ አምስት ጊዜ ያጎላል ተብሎ በትልቁ ተጽፏል! እሱን አይቼ ነው የመረጥኩት።»

«የፊተኛው መስታወት ስፋቱ ስንት ነው መምህር?»

«ስድሳ ሚሊ ሜትር። የትኩረት ርቀቱ ደግሞ ሰባት መቶ።»

«ዓይንዎን የሚያስጠጉበት ትንሹ ሌንስስ? ያን ዕለት የትኛውን ሰኩ?»

«ባለ አራት ሚሊ ሜትሩን ነዋ፣ ኃይለኛውን! ከሥሩም ባርሎ የሚሉትን፣ ማጉላቱን ሦስት እጥፍ የሚያደርገውን ተጨማሪ ሌንስ ሰካሁ።»

«ሰባት መቶ ለአራት ሲካፈል መቶ ሰባ አምስት፤ በሦስት ሲባዛ አምስት መቶ ሃያ አምስት። ሒሳቡ ልክ ነው። ግን መምህር፣ አንድ ኩባያ ወተት ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ቢጨምሩ ወተቱ በዛ ይባላል?»

«ቀጠነ ይባላል እንጂ።»

«ብርሃንም እንደዚያው ነው። በስድሳ ሚሊ ሜትር መስታወት የገባው ብርሃን ያው ነው፤ ባጎሉት ቁጥር ይቀጥናል፣ ምስሉም ይደበዝዛል። የመስታወቱን ስፋት በሁለት ያባዙት፤ ልኩ በግምት እሱ ነው። የእርስዎ መቶ ሃያ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ካርቶን ለመሸጥ የተጻፈ ቁጥር ነው።»

መምህሩ አልተረቱም። «ታዲያ ሌሎቹ እንዴት አዩ? አናጢው እንኳ ዓይኑን ከሌንሱ መንቀል አቅቶት ነበር።»

መነጽር ሠሪዋ በአክብሮት፣ ግን ሳትሸሽ መለሰች። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ፊት ቆሞ 'አልታየኝም' ማለት ቀላል ይመስልዎታል?»

ይህች ጥያቄ መምህሩን እንደ ጥፊ መታቻቸው። ስንት ተማሪ ይሆን ያልገባውን «ገብቶኛል» ያላቸው? ከዚያ ሁሉ ሰው እውነቱን የተናገሩት እህታቸው ብቻ ነበሩ፤ የተቀጡትም እሳቸው ብቻ። መምህሩ አንገታቸውን ደፉ። ቢቻል ምድር ተከፍታ ብትውጣቸው በመረጡ።

እህታቸውን ወደ ቤት አድርሰው፣ ከሰዓት በኋላ ሌንሶቻቸውን በካልሲ ጠቅልለው ብቻቸውን ተመለሱ። «አስተምሪኝ» አሉ። ይህን ቃል ለተማሪ ሲናገሩት የመጀመሪያቸው ነበር።

መነጽር ሠሪዋ ባርሎውን ተቀብላ መብራት ሥር አዘነበለችው። «የመብራቱ ነጸብራቅ ሌንሱ ላይ ነጭ ሆኖ ይታይዎታል? ይህ ማለት ገጹ ብርሃን አሳላፊ ቅብ አልተቀባም፤ ብርሃኑን ወደ ውስጥ በማስገባት ፈንታ ይመልሰዋል። ደህናው ሌንስ እንዲህ ነው።» ከመሳቢያዋ የራሷን አውጥታ አሳየቻቸው፤ ለካ እሷም ሰማይ ተመልካች ናት። የመብራቱ ነጸብራቅ በሷ ሌንስ ላይ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴና ሐምራዊ ነበር። «አሁን ደግሞ በባርሎው ቱቦ ውስጥ ይዩ። የእርስዎ ውስጡ ያብለጨልጫል፤ ይህኛው ጥቁር ተቀብቷል፣ የባዘነ ብርሃን እንዳይረብሽ። ሌንሱን ራሱን ደግሞ በእጅዎ ይመዝኑት።»

«የኔው ላባ ነው» አሉ መምህሩ።

«ፕላስቲክ ነዋ። ፕላስቲክ ባርሎ የሌንሱን ጉድለት ሁሉ ሦስት እጥፍ አድርጎ ያሳያል። ባርሎ ሲመርጡ ከመስታወት የተሠራ፣ የተቀባ፣ ሁለት እጥፍ ብቻ የሚያደርግ ይበቃዎታል። ሁለት የዓይን ሌንስ ከያዙ በባርሎው አራት ይሆኑልዎታል።»

መምህሩ ጥቂት ነቃ አሉ። «እንግዲያው ባለ ሃያ አምስትና ባለ አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር ልያዝ።»

«ሃያ አምስቱ በባርሎ ሲሰካ ስንት ይሆናል?»

መምህሩ አሰቡ። ጆሯቸው ቀላ። «ግማሹ፣ የአሥራ ሁለት ተኩል ያህል። ያንኑ ዕቃ ሁለት ጊዜ ልገዛ ነበር።»

ተማሪዋ አልሳቀችባቸውም። መምህሩም አለመሳቋን ልብ አሉት፤ ከሳቅም በላይ አሳፈራቸው። «ብዙ ሰው ይሳሳተዋል» አለች። «ባለ ሃያ አምስትና ባለ አሥራ አምስት ይያዙ። ሃያ ስምንት፣ አርባ ሰባት፣ ሃምሳ ስድስት፣ ዘጠና ሦስት ጊዜ ያጎላሉ። ሁሉም ከልኩ በታች ነው። ደግሞም ዓይን ራቅ ብሎ የሚያይበትን ዓይነት ይምረጡ፤ አለዚያ እንደ እማማ መነጽር ያደረገ ሰው ግማሹን ሳያይ ይቀራል። ሁልጊዜም በትንሹ ጀምረው ወደ ትልቁ ይሂዱ።»

በሳምንቱ፣ ፀሐይ ገና እንደጠለቀች፣ መምህሩ አዲሶቹን ሌንሶች ገዝተው፣ ቴሌስኮፑን ግቢ ውስጥ ተክለው እነዚያኑ ጎረቤቶች ጠሩ። እህትየው መምጣት አልፈለጉም፤ መምህሩ ደጃቸው ድረስ ሄደው ለመኑ። በመጨረሻ መጥተው፣ ከሰው ሁሉ ኋላ አጥሩን ተደግፈው ቆሙ።

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ባለፈው ያሳየኋችሁ ጨረቃን አልነበረም» አሉ። «የኔን ስንፍና ነው ያሳየኋችሁ። ሌንሱ ብልሹ ነበር፤ አጠቃቀሜም ብልሹ። እህቴ እውነቱን ነገረችኝ፤ እኔ ግን በሰው ፊት ዓይኗን ሰደብኩ። በኔ ቃል ሁለት ወር ከሥራዋ ቀርታለች። ዓይኗ ተመርምሯል፤ ጤነኛ ነው። የታወርኩት እኔ ነኝ። እትዬ፣ በሰው ፊት አዋርጄሻለሁና በሰው ፊት ይቅር በዪኝ።»

አናጢው ራሱን አከከና፣ «እውነቱን ከተነጋገርን መምህር፣ እኔም ያን ዕለት ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነው» አለ። ሳቅ ፈነዳ። አንዱ «እኔም!» ሌላውም «እኔም!» አለ። መምህሩ እየሳቁም ፊታቸው እንደ ፍም ጋለ።

እህትየው መጀመሪያ እንዲያዩ ተደረገ። መነጽራቸውን ሳያወልቁ ጎንበስ አሉ። ቶሎም ቀና አላሉም።

«ፈንጣጣ የጨረሰው ፊት ትመስላለች» አሉ በመጨረሻ። «ጉድጓዱ፣ ጠርዙ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ። እዚህ ጫፍ ላይማ በመርፌ የተወጋች ቀዳዳ የምታክል የብርሃን ነጥብ አለች።»

«የተራራ አናት ናት፤ ፀሐይ ገና የነካቻት።»

«ይህቺን ያየ ዓይን ኮሌታ አያበላሽም» አሉ እህትየው፤ ድምፃቸው ግን ተሰብሮ ነበር። «ይቅር ብዬሃለሁ። ሁለቱን ወር ግን አትመልሰውም።»



ከዚያች ምሽት ወዲህ በሰፈሩ ብዙ ነገር ተለወጠ። እህትየው ሰኞ ጠዋት ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። ጎረቤቱም ዕቃ ሲገዛ ካርቶኑ ላይ ያለውን ትልቅ ቁጥር ትቶ፣ መስታወቱን አዘንብሎ፣ ውስጡን አይቶ፣ አዋቂ ጠይቆ መግዛትን ተማረ። ሁለት ደህና ሌንስና አንድ ደህና ባርሎ ከደርዘን ብልሹ እንደሚበልጡ ሁሉም በዓይኑ አይቷል። ትልቁን ትርፍ ያገኙት ግን መምህሩ ናቸው፤ እሱም እንዲህ ታወቀ።

በዚያችው ምሽት ቴሌስኮፑ ቀለበት ወዳላት ፕላኔት ዞሮ ሳለ የአናጢው ሚስት ጎንበስ ብላ ቆየችና፣ ፈራ ተባ እያለች፣ «መምህር... እኔ ምንም አይታየኝም» አለች። ሰው ሁሉ ወደ መምህሩ ዞረ።

መምህሩ ፈጥነው ጎንበስ ብለው በሌንሱ ተመለከቱ። ምድር ስትዞር ፕላኔቷ ከሌንሱ ወጥታ ሄዳለች፤ ጥቁር ሰማይ ብቻ ነው ያለው።

«ልክ ነሽ ልጄ፣ ምንም የለም። እግዜር ይስጥሽ፣ ነገርሽኝ» አሉና ቱቦውን በቀስታ ማስተካከል ጀመሩ።