ለቦዩ የጠፋው ጣውላ

ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ከሐዘናችን ጋር የተቀመጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ ዛሬ የምንሸኛቸውን ሰው ሕይወት ባጭሩ እንዲያነብላችሁ ቤተሰቡ ታናሽ ወንድማቸውን አዝዟል። ታናሽ ወንድማቸው ከልጅነቱ ጀምሮ ቁጡ ነው ስለሚባል ረጋ ብሎ እንዲያነብ ተለምኗል፤ ይሞክራል። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ይነገር፤ ከትናንት ጀምሮ በዚህ ድንኳን ውስጥ “ቀናቸው ደርሶ ነው” የሚል ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ሰምተናል። ለማጽናናት ብላችሁ ነውና እናመሰግናለን፤ ነገር ግን ይህ ጽሑፍ ተነብቦ እስኪያልቅ ድረስ ያንን ቃል ያዙልን።

ወዳጆቻቸው አባ ጠጠር እያሉ የሚጠሯቸው እኚህ ሰው፣ ከብት ነጋዴ ከነበሩት አባታቸውና በትዕግሥታቸው ከሚታወቁት እናታቸው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የግጦሽ መሬት ዳር፣ ለወላጆቻቸው ሁለተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ዝናብ ብቅ ብሎ የሚሄድበት፣ ላዩ ጠጠር ሥሩ አሸዋ የሆነ መሬት ነበር፤ ሣሩ አጭር ቢሆንም ከብቱን አጥግቦ ያሳድር ነበር። እሳቸው ገና ፊደል ሳይጨርሱ አንድ ዓመት ዝናቡ በዛና የሰው ሁሉ ልብ አበጠ፤ ይህን የሚያህል መሬት ለምን ጦሙን ያድራል ተብሎም ታረሰ፤ አባታቸውም እንደ ሰው አረሱ። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንደሚባለው ሆነና፣ ላዩን ሸፍኖ ይጠብቅ የነበረው ጠጠር ተገልብጦ አሸዋው ራቁቱን ቀረ፤ ዝናቡም እንደ ልማዱ ሲቀር ነፋሱ አፈሩን እያነሣ ወሰደው። ቤተሰቡ የተረፈውን ከብት ሸጦ ከተማ የገባው በዚህ ምክንያት ነው፤ እሳቸውም ያን ጊዜ የያዛቸው ቁጣ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልበረደላቸውም።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በከተማው ትምህርት ቤት አጠናቀው ኮሌጅ በመግባት የአፈር ሳይንስ አጠኑ። ጓደኞቻቸው “ሰው ሐኪም ሲሆን አንተ አቧራ ልትማር ነው?” እያሉ ሲያሾፉባቸው፣ “ሐኪሙም ቢሆን የሚበላው ከአቧራ የበቀለውን ነው” ብለው ይመልሱ ነበር። ለልምምድ ወደ ሜዳ ወጥተው አፈሩን ከላይ እስከ ታች ለማየት ጉድጓድ ሲቆፍሩ፣ መምህራቸው ጎኖቹ እንደ ደረጃ እየተቆረጡ ካልሰፉ በቀር አንድም ተማሪ እንዳይወርድ ይከለክሉ ነበርና፣ እሳቸው ግድግዳው እንደ ድንጋይ የጠነከረ መስሏቸው ምክንያቱን ጠየቁ። መምህሩም የሸክላ አፈር እርስ በርሱ ተጣብቆ የሚቆም ሲሆን፣ ጠጠርና አሸዋ የበዛበት አፈር ግን ፍሬው ከፍሬው ጋር ዝምድና ስለሌለው ቀጥ ብሎ የሚቆመው በውስጡ በደረቀ የኖራ ዱቄትና በጥቂት የሣር ሥር ተይዞ ብቻ መሆኑን፣ ጥቂት ሲረጥብ ወይም ከላይ ሲጫኑት ሳያስጠነቅቅ እንደሚናድ አስረዷቸው። ይህን ትምህርት ከዚያ ወዲህ ለሚሰማም ለማይሰማም አስተማሩት፤ ጎረቤት መጸዳጃ ቤት ሲያስቆፍር እንኳ ማንም ሳይጠራቸው ሄደው ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቆሙ ነበር።

ከተመረቁ በኋላ በግጦሽ መሬት ጽሕፈት ቤት በአፈር ባለሙያነት ተቀጥረው እስከ ጡረታቸው አገለገሉ። አርብቶ አደሮችን ሰብስበው ከጀሪካን ውሃ መሬት ላይ ያፈሱና፣ ውሃው ዐይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ ሲሰርግ እያሳዩ፣ ይህ አፈር ፈጥኖ ይጠጣል እንጂ አያስቀምጥም፤ ለምነቱም ያለው ከላይ ባለችው ስስ ሽፋን ብቻ ስለሆነ፣ ከብቱን አንድ ቦታ አታብዙበት፣ ጠጠሩንም አታንሡበት እያሉ ይመክሩ ነበር። ለመንገድ ሥራ ተብሎ የሜዳው ጠጠር ተጠርጎ እንዲወሰድ ስብሰባ በተጠራ ጊዜም ተነሥተው ጠጠሩ የመሬቱ ልብስ ነው፣ ከገፈፋችሁት ይሞታል ብለው ቢከራከሩ፣ ሰብሳቢው “እንግዲህ አባ ጠጠር፣ ይቀመጡ!” አሉና አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ጠጠሩ ተገፈፈ። እሳቸውም አፋቸውን አልዘጉምና ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛውረው ሦስት ዓመት አካፋና ዶማ ሲረከቡና ሲያስረክቡ ቆዩ። ዛሬ ወደ መቃብሩ ስንሄድ በስተ ግራችን አቧራ ሲጨስበት የምናየው ሜዳ ያ ነው፤ ይቅርታ የጠየቃቸው ሰው ግን የለም። ለስድብ የወጣላቸውን ስም አርብቶ አደሮቹ ተቀብለው በፍቅር ስለጠሯቸው፣ የሚያኮራቸው ማዕረግ እሱ ሆኖ ቀረ።

በጤና ጣቢያ ነርስ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር የተዋወቁት እጃቸውን ዶማ መትቷቸው ቁስላቸውን ሊያሳክሙ በሄዱበት ጊዜ ሲሆን፣ ባለቤታቸው እንደሚሉት ቁስሉ እየታጠበ እሳቸው ስለ አሸዋ ያወሩ ነበር። በጋብቻቸው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ግቢያቸው በመጥረጊያ እንዲጠረግ ስለማይፈቅዱ፣ ባለቤታቸው “እኔን ያገባኝ ለጠጠሩ ዘበኛ ፈልጎ ነው” እያሉ እንግዳ ያስቁ ነበር። ትልቋ ልጃቸው ስትታጭ፣ እጮኛዋ ገና የግንባታ ተማሪ ነበርና፣ እሳቸው በየሜዳው ይዘውት እየዞሩ ጉድጓድ አቆፋፈር አስተምረውታል፤ ልጄ ይሉት ነበር፤ እሱም አባዬ ይላቸው ነበር። ይህን የምናነበው አላወቀም እንዳይባል ነው።

ጡረታ ከወጡ በኋላ በዚያው በግጦሹ መሬት ዳር ለከተማው አዲስ የውሃ መስመር ሊዘረጋ ቦይ መቆፈር ተጀመረ፤ የሥራው ፎርማንም ይኸው የልጃቸው ባል ነበር። ቦዩ ከሰው ቁመት በላይ ጠልቆ፣ ጎኑ ቀጥ ብሎ፣ የወጣውም አፈር እጫፉ ላይ ተከምሮ ባዩ ጊዜ ወዲያውኑ አስቁሙት አሉ። “አባዬ፣ ግድግዳው እኮ ሲሚንቶ ነው የሚመስለው። ጣውላ ደግሞ የለም፤ ሲመጣ እንደግፈዋለን” ተባሉ። ጣውላ ከሌለ ጎኑን አስፉት ቢሉ፣ ሥራው ይዘገያል ተባሉ። ወደ ተቋራጩ ቢሮ ሄደው ኮሪደር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ግማሽ ቀን ካስቀመጧቸው በኋላ፣ ኃላፊው ከበሩ ሳይወጣ “ጡረታ ማለት ማረፍ ማለት ነው፣ አባት” ብሎ ሸኛቸው። ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት እየሄዱ ቦዩ አፍ ላይ ይቆሙ ነበር፤ የቤተሰቡም ሰው ጭምር፣ ይህን የሚያነበውም ሳይቀር፣ እኚህ ሰውዬ አሁንስ አበዙት እያለ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏቸዋል።

ባለፈው ማክሰኞ ማታ ጥቂት ካፊያ ጣለ። በማግሥቱ ጧት ሲደርሱ፣ ከተከመረው አፈር ሥር ከቦዩ ጋር ትይዩ የሄደ ስንጥቅ አዩና ሁለቱ ሠራተኞች እንዲወጡ ጮኹ። አንደኛው ሰምቶ ወጣ፤ ሁለተኛው በጄኔሬተሩ ጩኸት የተነሣ ስላልሰማ፣ በዚያ ዕድሜያቸው በመሰላል ወርደው ትከሻውን ይዘው ጎተቱት፣ ከፊታቸውም አስቀድመው ወደ መሰላሉ ገፉት። እሱ ከላይ ሲደርስ ግድግዳው ተናደ። አሸዋ በአካፋ ሲያነሡት ተመልሶ የሚፈስ ነውና፣ እስከ ደረታቸው ቀብሮ ትንፋሽ የነሣቸውን አፈር አንሥቶ ለመጨረስ ጊዜው አልበቃም። የዳነው ሠራተኛ ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጧል፤ ልጆቹም አብረውት አሉ።

እንግዲህ “ቀናቸው ደርሶ ነው” የምትሉ ወገኖቻችን ሆይ፣ ቀናቸው አልደረሰም! የደረሰው ግድግዳው ነው። ተቋራጩ ሳይፈቀድላቸው ወደ ሥራ ቦታ ገብተው ነው ብሏል፤ ሌላው ደግሞ በፈጣሪ ላይ ያላክካል፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ፈጣሪ አፈሩን እንደ ባሕርዩ ፈጠረው፤ ባሕርዩንም የሚያውቅ ሰው ሰጠን፤ ያ ሰው ደግሞ አፉ እስኪደርቅ ነገረን። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለዚህ ካልሆነ ለምንድን ነው?

ትናንት ከሰዓት መቃብራቸው ሲቆፈር፣ መሬቱ ያው መሬት ነውና ጎኑ እየተናደ አስቸገረ። ይህ እንደተሰማ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ በተቋራጩ መኪና ጣውላ ተጭኖ መጣ። አዲስ ጣውላ ነው፤ ከዚህ ድንኳን በር ላይ ተደርድሯል፣ ስትገቡ አይታችሁታል። ለሕያዋን የጠፋው ለሙት ተገኘ! ባለቤታቸው ወጥተው አዩትና፣ አንድም ጣውላ ባሌ መቃብር ውስጥ አይገባም ብለው ከለከሉ። የቀድሞ ባልደረቦቻቸው መቃብሩን ጎኑን እያሰፉ፣ እሳቸው ባስተማሩት መንገድ ቆፍረውታል፤ ጨርሰውታል፤ አልተናደም። ቦዩ ግን እስከ አሁን እንደተከፈተ ነው፤ ነገ ጧትም ሥራ ይቀጥላል ተብሎ ለሠራተኞቹ ተነግሯቸዋል። ስለዚህ ከቀብር ስንመለስ እያንዳንዱ ጉልበት ያለው ሰው ከዚያ ጣውላ እያነሣ፣ ወደ ቤቱ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ቦዩ እንዲሄድ ባለቤታቸው ለምነዋል።

አባ ጠጠር በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ሲለዩ፣ ውድ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጃቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኅታቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ወደ መሰላሉ የገፉት ሠራተኛም ከልጆቻቸው ጋር ልቆጠር ብሎ ለምኗልና ተቆጥሯል። የትልቋ ልጃቸው ባል ይቆጠር አይቆጠር በሚለው ትናንት ቤተሰቡ ሲከራከር አምሽቶ፣ ባለቤታቸው “ይቆጠር፤ ልጄ ይለው ነበር። ቆሞ ይስማ፣ የመጀመሪያውንም ጣውላ እሱ ይሸከም” ብለው ስለወሰኑ ተቆጥሯል።

የቸርነት አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። እኛን ግን፣ ጣውላው በቦዩ ግራና ቀኝ ቆሞ እስክናይ ድረስ፣ አያሳርፈን። አሜን።