«መርዝ ወጋችኝ» ስላልኩት ቃል

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሩ ስም፦ በመታወቂያቸው እንደሠፈረው፤ በሠፈርና በሥራ ቦታ «አባ ግጥም» በመባል የሚታወቁ
ዕድሜ፦ 74
ሥራ፦ መጽሐፍና መዝገብ ጠራዥ
የትምህርት ደረጃ፦ በራሳቸው የተማሩ
አድራሻ፦ ከድንጋይ ደረጃው በላይ፣ የቤት ቁጥር 218
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ረቡዕ 14/3፣ ከጠዋቱ 3፡40
ቃሉን የተቀበለው፦ ተረኛ መርማሪ

በደል ተፈጽሞብኛል። የበደለኝ የበኩር ልጄ ነው። ሳይጠይቀኝና ሳልፈቅድለት በስሜ አቤቱታ አቅርቦ፣ ባለውለታዬ የሆነችውን የጥርስ ሐኪም አሳስሮብኛል። በመዝገቡ ላይ በሐኪሟ የተጎዳሁ «የግል ተበዳይ» ተብዬ የተጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህ መጠሪያ ከስሜ ላይ እንዲሰረዝ ስጠይቅ፣ መርማሪው አስቀድሞ ቃሌን መቀበል እንዳለበት ስለነገረኝ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ።

ላለፉት ሃምሳ ዓመታት የፍርድ ቤት መዝገብ ስጠርዝ ኖሬአለሁ። አስተማሪ አልነበረኝም፤ ማንበብ የተማርኩት ከምጠርዘው ወረቀት ላይ ነው። ሠፈሩ አባ ግጥም የሚለኝ ግጥም ስለምጽፍ ሳይሆን አፌን ግጥም አድርጌ ስለምውል ነው። ስሠራ ጥርሴን እነክሳለሁ። ሳልሠራም እነክሳለሁ። ስተኛ ደግሞ አፋጫለሁ። ባለቤቴ «ባል ያገባሁ መስሎኝ ወፍጮ ቤት ገባሁ» ትላለች፤ ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህም መኝታዋን ወደ ሳሎን አውጥታ ነበር። እኔ ይህን እንደ በሽታ ቆጥሬው አላውቅም። አባቴ በልጅነቴ ሞቶ ጥርሴን ነክሼ ነው ያደግሁት፤ ልጆቼንም ጥርሴን ነክሼ ነው ያሳደግሁት። ጠባዬ ነው ብዬ ተቀምጬ ነበር።

ባለፈው ወር በ29፣ ማክሰኞ ዕለት ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ በሥራ ቦታዬ አንድ ወፍራም መዝገብ መጭመቂያው ውስጥ አስገብቼ እጀታውን በማጥበቅ ላይ እያለሁ የቀኝ መንጋጋ ጥርሴ ለሁለት ተሰነጠቀ። የሰነጠቅኩት ራሴ ነኝ። ከዚያ በፊትም ሁለት ጥርስ በዚሁ መንገድ አጥቻለሁ። ስተኛ እንዳጠልቀው የተሠራልኝን የጥርስ መሸፈኛ በሦስት ሳምንት አኝኬ በስቼዋለሁ። ጆሮዬ ይጮህ ነበር። ራስ ምታቱ ከግንባሬ ተነስቶ ማጅራቴ ላይ ያርፍ ነበር። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ ስባሪውን በመዳፌ ላይ አይታ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ራስህን ፈጭተህ ልትጨርስ ነው?» አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት ጫማዬን አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠች። ወደ ሐኪም የሄድኩት በዚህ ሁኔታ ነው።

ክሊኒኩ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚገኝ ባለ ሁለት ክፍል ነው። ሐኪሟ ከልጄ በዕድሜ የምታንስ ሴት ናት። በጣቶቿ ሁለቱን ጉንጮቼን ይዛ «ይንከሱ» አለችኝ፤ ነከስኩ። «ይልቀቁ» አለችኝ፤ ለቀቅኩ።

«አልለቀቁም፣ አባባ።»

«ለቅቄአለሁ።»

«አባባ፣ እጄ ሥር እኮ ነው ያለው። አልለቀቁም።»

በዚህ ለብዙ ደቂቃ ተከራከርን። በመጨረሻ የራሴን ጣት ወስዳ ጉንጬ ላይ አስቀመጠችው። ከቆዳዬ ሥር ድንጋይ የመሰለ ነገር አገኘሁ። ለቅቄአለሁ ስል የኖርኩበት ዘመን ሁሉ አለመልቀቄ ያን ጊዜ ገባኝ። «ለመሆኑ ከማን ጋር ተጣልተው ነው እንዲህ የሚነክሱት?» ብላ ጠየቀችኝ። ተቆጣኋት። እሷ ሳቀች።

ከዚያም ጥርሱ ቢጠገንም ጡንቻው መልሶ እንደሚሰብረው፣ ስለዚህ ጡንቻውን የሚያላላ መርፌ እንደሚሻለኝ አስረዳችኝ። መድኃኒቱ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። «ሲበዛ መርዝ ነው። በዚህ መጠን ግን ጡንቻውን ያደክመዋል እንጂ አይገድለውም» አለችኝ። ውጤቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደሚታይ፣ ከሦስት እስከ አራት ወር እንደሚቆይ፣ ከዚያ መደገም ሊኖርበት እንደሚችል፣ ጠንካራ ነገር ማኘክ ሊያታክተኝ እንደሚችል፣ አንዳንዴም መድኃኒቱ ወደ ጎን አልፎ ፈገግታን ለጥቂት ሳምንታት ሊያጣምም እንደሚችል አንድ በአንድ ነገረችኝ። ይህ ሁሉ በፈቃድ መስጫ ቅጹ ላይ ሠፍሯል። ቅጹን ሦስት ጊዜ አንብቤ፣ አራት የፊደል ግድፈት አርሜ፣ ፈርሜአለሁ። ቅጂው ከዚህ ቃል ጋር ተያይዟል። ከእሷ በፊት ያየኋቸው ሁለት ሐኪሞች «አይዞዎት» ከማለት በቀር ምን እንደሚሰጡኝ አልነገሩኝም። መርዙን መርዝ ብላ የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት፤ ያመንኳትም በዚህ ነው። በዚያው ዕለት በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ቦታ ወጋችኝ። መርፌ አልፈራም፤ ኑሮዬ በመርፌ ነው።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ራሴን ሳያመኝ ነቃሁ። ነገሩ እንግዳ ስለሆነብኝ ሌላ በሽታ የያዘኝ መስሎኝ ነበር። የጆሮዬ ጩኸት ጠፍቶ፣ ክሩ በወረቀቱ መሐል ሲያልፍ የሚያሰማውን ድምፅ ከስንት ዓመት በኋላ ሰማሁ። ባለቤቴ ሦስት ቀን ካዳመጠች በኋላ ትራሷን ይዛ ተመለሰች። «ወፍጮው ቆመ እኮ» አለችኝ። ስስቅ የግራ ከንፈሬ ጠርዝ ወደኋላ ይቀር ጀመር። እኔ ሳቅ የምቆጥብ ሰው ስለሆንኩ እንደ ጉዳት አላየሁትም።

እሑድ በ11/3 ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ልጄ ለምሳ መጣ። ልጄ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ባለቤቴ ውኃ ልታመጣ ወጥታ ሁለታችን ብቻ ተቀምጠን ሳለ አንድ ነገር አስታውሼ ፈገግ አልኩ። ልጄ ማንኪያውን አስቀምጦ «አባዬ፣ አፍዎ ምን ሆነ?» አለኝ።

«ሐኪሟ መርዝ ወጋችኝ» አልኩት።

ይህ ቀልድ ነበር። «የቷ ሐኪም?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ያለችው» አልኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ሥራ አለብኝ ብሎ ምግቡን ሳይጨርስ ወጣ። እኔ የሚያስቅ ነገር መናገር ችያለሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር የዋልኩት።

ማክሰኞ በ13/3 ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሐኪሟ ለክትትል ቀጥራኝ ስለነበር ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። በሩ ታሽጓል። የሕንፃው ጥበቃ ደረጃው ሥር ተቀምጦ ነበር። «ዛሬ የሉም፣ አባቴ። ትናንት ፖሊስ ወስዷቸዋል» አለኝ። ምክንያቱን ስጠይቀው «አንድ ሽማግሌ መርዘዋል አሉ። ይሙት ይኑር እንጃ፤ አፉ ግን ዞሯል ነው የሚባለው» ብሎ መለሰልኝ።

«ሽማግሌው እኔ ነኝ» አልኩት።

ከወንበሩ ተነስቶ ፊቴን በግራም በቀኝም ዞሮ አየ። «ታዲያ ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«እና እሳቸው ምን አድርገው ታሰሩ?»

ይህን ጥያቄ ይዤ በቀጥታ ወደዚህ ጣቢያ መጣሁ። መርማሪው ለሥራ ወጥቷል፣ ነገ ይምጡ ተባልኩ። ጣቢያው ውስጥ አግዳሚው ላይ እስከ 12 ሰዓት ተቀመጥኩ። ዛሬ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ተመልሼ ስመጣ ልጄ ተጠርቶ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«መርዝ ወጋችኝ አላሉኝም?» አለኝ።

«ብያለሁ። ቀልዴን ነው።»

«ቀልድ? እርስዎ?» አለ። ድምፁ ከፍ ስላለ ዘቡ ዞሮ አየን። «አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ አባዬ! አንድ ቀን ቀልደው ያውቃሉ? በምን ልወቀው?»

ይህን ሲናገር ያለቅስ ነበር። አባቴን ከእጄ ነጠቁኝ ብሎ ሁለት ቀን እህል እንዳልቀመሰ ነገረኝ። ልጄ ለእኔ ያለቅሳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ስለ እንባው አመሰግነዋለሁ። ቀልዴ ቀልድ አለመምሰሉ የእኔ ጥፋት ነው፤ ይህን አምኛለሁ። ቤቴ መጥቶ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ ሁለተኛ ሳይጠይቀኝ ሰው ማሳሰሩ የእሱ ጥፋት ነው፤ ይህንም በፊቱ ተናግሬአለሁ። አቤቱታውን ማንሳቱን በጽሑፍ አቅርቧል።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ሐኪሟን በኮሪደሩ አሳለፏት። ልብሷ ተጨማዷል፤ ፀጉሯን በሐኪም ቤት ፋሻ አስራው ነበር። ትወቅሰኛለች ብዬ ተነስቼ ቆምኩ። እሷ ግን ፊቴን አይታ «ግራው ትንሽ ቀርቷል፣ አባባ። ይመለሳል፣ አይስጉ» አለችኝ። አጃቢዋን ፖሊስ አስፈቅዳ ጣቶቿን ጉንጮቼ ላይ አድርጋ አስነከሰችኝ፤ ከዚያም አስለቀቀችኝ። «ጎበዝ፣ አሁን ለቀቁ» አለች። ልጄ አጠገባችን ቆሞ ያይ ነበር። በእኔ ስም ሁለት ቀን ታስራ፣ የትናንቱ ቀጠሮዬ እንዳለፈ አስታውሳ ምርመራውን እዚያው ፈጸመችልኝ።

ስለዚህ ሐኪሟ በዛሬው ዕለት እንድትፈታ፣ የክሊኒኩ በር እንዲከፈት፣ «የግል ተበዳይ» የሚለውም ከስሜ ላይ እንዲነሳ እጠይቃለሁ። እስከዚያ ድረስ ከዚህ ጣቢያ አልወጣም። ምስጋናዬም በቃሌ ውስጥ እንዲሠፍር ስጠይቅ፣ መርማሪው ምስጋና በምስክር ቃል ውስጥ አይገባም አለኝ። እኔ ሃምሳ ዓመት ስጠርዝ ስድብና ዛቻ የሌለበት መዝገብ አላጋጠመኝም፤ ምስጋና ያለበት ግን አንድም አላየሁም። ካልተጻፈ አልፈርምም ስላልኩ እንደሚከተለው ተጽፏል፦ ይህች ሐኪም ሰባ አራት ዓመት የያዝኩትን አስለቅቃኛለች፤ አመሰግናታለሁ።

ከላይ ያለው ተነቦልኝ፣ ቃል ሳይጨመርበትና ሳይቀነስለት የተናገርኩት መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ ልጠየቅበት። ልጄ እሑድ እንደ ልማዱ ለምሳ ይምጣ፤ ቦታው አለ። ይህን ነገር ካነሳ ግን ሳህኔን ይዤ ወደ ሌላ ክፍል እሄዳለሁ። ለፖሊስም፣ ለጎረቤትም፣ ለእሱም የምሰጠው ቃል ይኸው ብቻ ነው። ዳግመኛ አልናገረውም።

የምስክሩ ፊርማ ____________
የመርማሪው ፊርማ ____________