ያንቺን ድምፅ ይዘው መጡ

(አዲስ አበባ፣ በአንድ ኮሌጅ የስፓኒሽ ክፍል፣ የሁለተኛ ዓመት የቃል ፈተና ቀን ነው፤ አንዲት ተማሪ ተፈትና ወጥታለች፤ ኩባ ያደጉት አንጋፋው መምህር አጥናፉ እና ድሮ ተማሪያቸው የነበረችው የሥነ ልሳን መምህርቷ ትርሲት ሁለቱም የሚስማሙበትን አንድ ውጤት ሊሰጧት ይገባል።)

አጥናፉ፦ ከአሥር ስድስት አልኩ፣ ስድስት ነው። አትጨቅጭቂኝ።

ትርሲት፦ ጋሼ፣ ልጅቷ እኮ ምንም አልሳተችም። የጠየቋትን ሁሉ ሳትደናቀፍ ነው የመለሰችው።

አጥናፉ፦ ስለ ሰፈርሽ ንገሪኝ ብላት ዜና አነበበችልኝ። ጎረቤት የላትም? የሚጣላ ሰው የለም እዚያ ሰፈር?

ትርሲት፦ ከእሷ በፊት የገባው ልጅስ? ግማሹን በአማርኛ ነው የጨረሰው። ዘጠኝ ሰጡት።

አጥናፉ፦ እሱ አስቆኛል። በሰው አገር ቋንቋ ሰው ማሳቅ ቀላል መሰለሽ?

ትርሲት፦ ያሳቀዎት በራስዎ ቀልድ ነው። የኩባውን የአውቶብስ ሾፌር ቀልድ እኛም ተማሪ ሳለን ነግረውናል።

አጥናፉ፦ ቢሆንስ? ከእናንተ አሳምሮ ነገረኝ።

ትርሲት፦ ከጠዋት ጀምሮ ዝም ብዬ እያየሁዎት ነበር። እርስዎ ያስተማሩት ሲገባ ወንበር ይስቡለታል፣ ከየት ሰፈር እንደመጣ ይጠይቁታል፣ ገና ሳይጀምር ይስቁለታል። እኔ ያስተማርኩት ሲገባ ግን መነጽርዎን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ።

አጥናፉ፦ መነጽሬ ይከብደኛል።

ትርሲት፦ ለእኔ ልጆች ሲሆን ብቻ?

አጥናፉ፦ ያንቺ ልጆች? ታምሜ ሁለቱንም ክፍል ማስተማር ቢያቅተኝ አንዱን ለአንድ ሴሚስተር ያዢልኝ ብዬ ነው የሰጠሁሽ። አደራ ነበር። መቼ ነው ያንቺ የሆኑት?

ትርሲት፦ የእርስዎ ከሆኑማ ለምን ይጨክኑባቸዋል?

አጥናፉ፦ እሺ፣ ይሄን ለጊዜው እንተወው። ሌላ የምጠይቅሽ ነገር አለኝ። ዲኑ አነጋግሮሻል አይደል?

ትርሲት፦ አነጋግሮኛል።

አጥናፉ፦ ከመጪው ዓመት የንግግር ኮርሱን ጠቅልለሽ ያዢ ብሎሻል።

ትርሲት፦ ማን ነገረዎት?

አጥናፉ፦ ራሱ። በትህትና ነው የነገረኝ፣ ሻይ ጋብዞ። ጤናዎን ያስቀድሙ፣ አረፍ ይበሉ አለኝ። ተማሪዎቹም ፈርመው አንቺን ጠይቀዋል አለ። እምቢ በይው።

ትርሲት፦ ለምን?

አጥናፉ፦ አልደረስሽበትማ። ምላስ የት እንደሚያርፍ፣ ትንፋሽ በየት በኩል እንደሚወጣ፣ ሰሌዳ ላይ ትልቅ አፍ ሥለሽ ታስረጃቸዋለሽ። ጥሩ ነው፣ ይጠቅማል። ግን የጥርስ ሐኪም ቤት መሰለ እኮ ክፍሉ። መናገር ሌላ ነው። እኔ ይሄን ቋንቋ ከሰሌዳ ላይ አላገኘሁትም።

ትርሲት፦ አውቃለሁ ጋሼ።

አጥናፉ፦ አታውቂም። አባቴ ጦር ሜዳ ቀረ። እኔንና መሰሎቼን በመርከብ ወደ ኩባ ጫኑን። ጠዋት ብርቱካን ስንለቅም፣ ከሰዓት ስንማር፣ ሲያመኝ ስቃዥ ነው የተማርኩት። ጺሜ የበቀለው በስፓኒሽ ነው። ስመለስ እናቴ ሻንጣዬን ከፍታ አየችው፤ ይሄ ነው የያዝከው አለችኝ። ከቋንቋው ሌላ ምንም ይዤ አልመጣሁም።

ትርሲት፦ እሱን እኮ ነው የሰጡኝ። እንደ እርስዎ ለመናገር መስታወት ፊት ቆሜ ነበር የምለማመደው። ከዚያ ለማስተርስ ስፔን ሄጄ ገና አፌን ስከፍት ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። የኩባ ሽማግሌ ትመስያለሽ አሉኝ።

አጥናፉ፦ አንቺም ጣልሽው።

ትርሲት፦ ለመማር ነው የሄድኩት ጋሼ። እንደ እነሱ መናገር ነበረብኝ።

አጥናፉ፦ ኤርፖርት መጥቼ ስቀበልሽ በስፓኒሽ ሰላም አልሽኝ። እያቀፍኩሽ፣ ይቺ ደግሞ ማን ናት አልኩ በሆዴ።

ትርሲት፦ ደስ ብሎዎት ነበር። ዓይንዎ እንባ አቅርሮ ነበር።

አጥናፉ፦ አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ። ያስተማርኳት ልጅ እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራሁልሽ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ልጆቼን እስክትወስጂብኝ ድረስ ነው ደስታዬ።

ትርሲት፦ መቼ ወሰድኩብዎት?

አጥናፉ፦ ሆስፒታል ተኝቼ ሊጠይቁኝ መጡ። ሙዝና ጁስ ይዘው አልጋዬን ከበቡት። በስፓኒሽ፣ መምህር፣ እንዴት ነዎት አሉኝ። ድምፃቸው ያንቺ ነበር። አነጋገሩ፣ ቃሉን የሚረግጡበት፣ ሳቃቸው እንኳ ያንቺ። በአንድ ሴሚስተር። የእኔ ልጆች ያንቺን ድምፅ ይዘው መጡብኝ። ደክሞኛል ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ትርሲት፦ ሄዳችሁ ጠይቋቸው ያልኳቸው እኔ ነኝ።

አጥናፉ፦ ነግረውኛል። እሱ ነው የባሰብኝ።

ትርሲት፦ እንግዲያው በስሙ ይጥሩት ጋሼ።

አጥናፉ፦ ምኑን?

ትርሲት፦ ልጅቷን ስድስት ያሰጣትን።

አጥናፉ፦ ቀናሁ። ይሄው አልኩልሽ። ይሄን ሽበት ይዤ ባስተማርኳት ልጅ ቀናሁ። እሷ አፏን ስትከፍት የታየሽኝ አንቺ ነሽ። ስድስቱንም የሰጠሁት ላንቺ ነው። ደስ አለሽ?

ትርሲት፦ ደስ አላለኝም።

አጥናፉ፦ ታዲያ እዘኚልኝ። ለጡረታ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ። ያን ጊዜ ኮርሱም፣ ቢሮውም፣ ልጆቹም ያንቺ ናቸው፣ ማንም አይናገርሽም። አሁን ግን ሂጂና አልችልም በይው። አንቺ ካልሽ ይሰማል።

ትርሲት፦ ብዬዋለሁ።

አጥናፉ፦ ምን ብለሽ?

ትርሲት፦ ትናንት ነው። ጋሽ አጥናፉ እያሉ እኔ ያንን ኮርስ አልነካም፣ ሌላ ሰው ፈልጉ አልኩት። እስከ ዛሬ ማታ አስቢበት አለኝ። የማስበው የለም ብዬው ወጣሁ።

አጥናፉ፦ ይሄን እያወቅሽ ነው እንዴ የሆዴን ሁሉ ያስዘረገፍሽኝ?

ትርሲት፦ እምቢ በይው ሲሉኝ እኮ በልመና የመጡ መስሎኝ ነበር። አልደረስሽበትም አሉኝ። ከዚያ በኋላ ለመናገር ከበደኝ።

አጥናፉ፦ እሱን ተይው፣ አፌ ነው። እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር እኮ። በይ፣ ተማሪዎቹ ውጪ ቆመዋል፣ የሚቀጥለውን አስገቢ።

ትርሲት፦ የልጅቷስ?

አጥናፉ፦ ምን ሆነች?

ትርሲት፦ ውጤቷ። ላንቺ ነው የሰጠሁት ብለውኛል። እንግዲያው ለእሷ የሚገባትን ይስጧት።

አጥናፉ፦ አንዴ አልፏል። በሌላ ፈተና ታካክሰዋለች። ለእሷ ብለውጥ ከጠዋት ጀምሮ የወጡት ሁሉ ሊመጡ ነው።

ትርሲት፦ ይምጡ። ተቀምጠን አንድ በአንድ እናየዋለን።

አጥናፉ፦ በዚህ ዕድሜዬ ተማሪ ፊት ተሳስቻለሁ ብዬ ልቁም? አላደርገውም። ኮርሴን ትተሽልኛል፣ ክብሬንም ተይልኝ።

ትርሲት፦ የመጨረሻ ቃልዎ ነው?

አጥናፉ፦ የመጨረሻ ቃሌ ነው። ስድስት።

ትርሲት፦ በእኔ ይቅኑ ጋሼ፣ እችለዋለሁ። ስድቡንም እችለዋለሁ። እነዚህ ልጆች ግን እርስዎ ሲታመሙ ከገባላቸው አስተማሪ ነው የተማሩት፣ ሌላ ያጠፉት ነገር የለም። እኔን ያስተማሩኝ ጋሽ አጥናፉ ተማሪ አይበድሉም ነበር። ትናንት እምቢ ያልኩት ለእሳቸው ብዬ ነው።

አጥናፉ፦ አሁን ምን እያልሽኝ ነው?

ትርሲት፦ ፈተናው እንዳለቀ ዲኑ ጋ ገብቼ ኮርሱን እቀበላለሁ።