ተጠርጣሪው

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ገበሬና አንዲት መምህርት ያወራሉ።

«በሬዬን ከበረት ፈትተው ወሰዱብኝ። ፖሊስ ዘንድ ብሄድ፣ የተጠርጣሪ ስም ካላመጣህ አንመዘግብም አሉኝ።»

«ሌባውን ቢያውቁት ኖሮ እነሱ ዘንድ ምን ያስኬድዎታል፣ አባባ? ሕጉ እኮ ባይታወቅም መዝግቡ ነው የሚላቸው።»

«ማን ይሰማኛል! ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በግምት የሰው ስም ብጠራ ደግሞ የንስሐ አባቴን ምን ልላቸው ነው?»

«ታዲያ እንዴት አደረጉ?»

«የራሴን ስም ሰጠኋቸው።»

«ተጠርጣሪ ብለው?»

«አዎ። ባዶው ቦታ ሲሞላላቸው መዘገቡልኝ።»

«በሬውስ ተገኘ?»

«የት ተገኝቶ! ዛሬ ተጠርጣሪው ይቅረብ ብለው፣ እየሄድኩ ነው።»

መውረጃዬ ሲያልፍ እያየሁ «ወራጅ አለ» ሳልል ቀረሁ።