በሐሩ ላይ የወጣው ጀልባ

(ካምቦዲያ፣ ታኬዎ አጠገብ ባለች መንደር፣ በምሰሶ ላይ ከቆመ የእንጨት ቤት ሥር፤ ዝናብ ሊጥል ደምኗል፤ ቴቪ መሸመኛው ላይ ተቀምጣለች፣ አማቷ ፎን ራቅ ብላ ምንጣፍ ላይ ማግ ታጠነጥናለች።)

ቴቪ፦ አልሸምንም አልኩ እኮ፣ እማማ! ይሄ ምን እንደሆነ ሳይነግሩኝ መወርወሪያውን አላነሳም።

ፎን፦ ጨርቅ ነዋ! ሌላ ምን ሊሆን ነው? ይልቅ ዝናቡ ሳይመጣ ወርውሪ። እርጥበት ሲገባው ክሩ ይለግማል።

ቴቪ፦ የለገመውስ ክሩ አይደለም። ትናንት ብጠይቅዎ ስለ አየሩ ነገሩኝ፣ ዛሬም ስለ አየሩ።

ፎን፦ ታዲያ አየሩ ከከፋ እኔ ምን ላድርግ?

ቴቪ፦ ለፓጎዳው የሚሰቀል ነው፣ ዘንዶ ነው ክሩ ላይ የቋጠርኩት ብለውኝ አልነበር?

ፎን፦ ብያለሁ።

ቴቪ፦ እስኪ ይዩት፣ ይሄ ዘንዶ ነው?

ፎን፦ ዓይኔ መች ያይልኛል ብለሽ።

ቴቪ፦ ክሩን በሙዝ ልጥ ሲቋጥሩትማ ያይልዎ ነበር! ገና ቀለም ሳይገባ፣ የቱ ታስሮ ነጭ ሆኖ እንደሚቀር፣ የቱ እንደሚቀላ ያውቁ ነበር። ዕውሯ እኔ ነኝ፤ እርስዎ ክሩ ውስጥ የደበቁትን ሥዕል እየሸመንኩ ነው የማየው። ጭራ ይወጣል ስል መቅዘፊያ ወጣ። ሆዱ ነው ያልኩት ጀልባ ሆኖ ቁጭ አለ።

ፎን፦ ቋጠሮ ተሳስቼ ይሆናላ። አርጅቻለሁ።

ቴቪ፦ እርስዎ? አንድ ቋጠሮ ብስት ሰፈሩ እስኪሰማ የጮሁብኝ ሰው?

ፎን፦ ያኔ ጉልበት ነበረኛ።

ቴቪ፦ አይቀልዱብኝ፣ እማማ። በዚህ መንደር ጀልባ ያለበት ሐር መቼ እንደሚሰቀል ሕፃንም ያውቃል። ለባልዎ ለአባባ የሸመኑትን አይቼዋለሁ። ሬሳቸው ተጋድሞ፣ እሱ ከበላያቸው ተሰቅሎ። ገና ሙሽራ ነበርኩ።

ፎን፦ ለእኔ ነው።

ቴቪ፦ ምን?

ፎን፦ ለራሴ ነው ያዘጋጀሁት። ምን ያስደነግጥሻል? ሰው ለሞቱ አይሰናዳም? በይ አሁን ወርውሪ።

ቴቪ፦ ለእርስዎ ከሆነ መረቡ ምን ይሠራል?

ፎን፦ የምን መረብ?

ቴቪ፦ ጀልባው ላይ የቆመው ሰው የያዘው ነዋ! እርስዎ ዓሣ ሲያጠምዱ አይቼ አላውቅም። ይቅረቡና ይዩት።

ፎን፦ አልቀርብም።

ቴቪ፦ ለምን?

ፎን፦ ጉልበቴን አሞኛል።

ቴቪ፦ ሪቲ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው መቼ ነው?

ፎን፦ ባሕር ላይ ስልክ የለም። ባልሽ ራሱ ነግሮሻል።

ቴቪ፦ ዓሣውን ሊያራግፉ ታይላንድ ወደብ ይገባሉ። ወደብ ላይ ስልክ አለ። እኔን እንኳ ቢረሳ እናቱን አይረሳም።

ፎን፦ ሠርቶ ይመጣል! ልጄ ላይ አታሟርቺበት!

ቴቪ፦ ማን አሟረተ? እኔ ነኝ የቋጠርኩት?

ፎን፦ ድምፅሽን ቀንሺ።

ቴቪ፦ አብሮት መርከብ ላይ የነበረው ቬስና ተመልሷል። ገበያ መሐል አየኝና መንገድ ቀየረ። ባዶ እጁን ስለመጣ አፍሮ ነው ብዬ አዘንኩለት። እዚህ ቤት መጥቶ ነበር?

ፎን፦ ውሃ ጠጥቶ ሄደ።

ቴቪ፦ መቼ?

ፎን፦ አንቺ ለሐር ትሎቹ ቅጠል ልትለቅሚ የወጣሽ ዕለት።

ቴቪ፦ ምን አለ?

ፎን፦ ውሃ ጠጣ አልኩሽ እኮ!

ቴቪ፦ አሁን ገባኝ። ስመለስ ምሳ የለም፣ እርስዎ የሙዝ ልጥ ይሰነጥቃሉ። ምነው እንዲህ ተቻኮሉ ስልዎ፣ ለሙታን በዓል ይድረስ ብዬ ነው አሉኝ። እኔ ሞኟ ቀለሙን አፈላሁልዎ! በገዛ እጄ ነከርኩት! እየዘፈንኩ ነው የነከርኩት፣ እማማ!

ፎን፦ ዝም በይ፣ ጎረቤት ይሰማል።

ቴቪ፦ ይስማ! የማያውቅ ጎረቤት ያለ መሰለዎት? ሰሞኑን ያገኘችኝ ሴት ሁሉ እጄን ይዛ አይዞሽ ትለኛለች። ለሽመናው መስሎኝ፣ ሊያልቅ ነው እላታለሁ።

ፎን፦ መቀሱን ምን ልታደርጊው ነው? ቴቪ! ድሩን አትንኪው!

ቴቪ፦ ለምን ደበቁኝ?

ፎን፦ ትሄጃለሻ! ነግሬሽ ቢሆን በማግስቱ እናትሽ ቤት ነበርሽ። ምን ያስቀርሻል? እኔ መቋጠር እንጂ መሸመን አልችልም፣ እግሬ መርገጫውን አይረግጥልኝም። ሬሳው አልመጣም፣ ቴቪ። አይመጣምም። ይሄ ሐር እንኳ ካልተሰቀለለት ልጄ በምን ይሻገራል? ሽመናው ይለቅና እነግራታለሁ፣ ያን ጊዜ ብትረግመኝም ትርገመኝ አልኩ።

ቴቪ፦ እኔ ደግሞ ባሌን ሳላለቅስለት የሞቱን ሐር ስሸምን ከረምኩ።

ፎን፦ ትንሽ ነው የቀረው። በሙታኑ ሁሉ ይዤሻለሁ፣ አትቁረጪው።

ቴቪ፦ ቬስና የነገረሽን ንገሪኝ።

ፎን፦ አንቺ አልሽኝ?

ቴቪ፦ አዎ፣ አንቺ አልኩሽ። ባሕሩ ነው የወሰደው?

ፎን፦ ባሕሩ ቢሆንማ ምን ነበረበት።

ቴቪ፦ ማን ነው ታዲያ?

ፎን፦ ተዪው፣ ልጄ። የሰማሁ ዕለት ያጣሁት እንቅልፍ እስካሁን አልተመለሰም። ሰው ሰውን እንደዚያ አያደርግም። እባክሽ አትስሚው።

ቴቪ፦ ይኸው መወርወሪያውን አንስቻለሁ። አንቺ ስትናገሪ እኔ እሸምናለሁ። ዝም ያልሽበት ላይ እቆርጠዋለሁ።